በእኔ ነጠላ የሄደችው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወሩ ሰዎችን አላምንም ነበር፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ስለ መላእክትና ስለ ቅዱሳን የተጻፈውን አምናለሁ፣ እሱ ሌላ ነው፣ ግን አንዲት ጎረቤት ተቀምጣ «እንዲህ ያለ ነገር አየሁ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰማሁ» ስትል በሆዴ «እንቅልፍ ነው፣ ወይ ጾሙ ነው» እል ነበር፣ አንዳንዴም በአፌ እለው ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን በሕልሜ እንኳ አላየሁትም። ሥራዬ የነጠላ ጫፍ መቋጨት ነው፣ ዓይኔ ክር ላይ ነው የሚውል፣ ያለውን ነው የማይ። ብዙ መናገርም አልወድም። ይህንን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ እጄ ታዘዘልኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ በቀዳም ሥዑር ጧት። እኔና ልጄ ፍሬሕይወት ዓባይ ማዶ ነው የምንኖር፣ አንዲት ክፍልና ጠባብ ግቢ አለችን፣ ትበቃናለች። ፍሬ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች፣ እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እቋጫለሁ፣ እንዲሁ ነው የኖርን።

የፍሬ የክርስትና እናት ሙሉነሽ ትባላለች። አበልጄ ናት፣ ግን አበልጅ ማለት አይገልጸውም። እኔ እህት የለኝም፣ እሷን ነበር እህቴ የምለው። ባሏ ጋሽ ተመስጌን ጀልባ ነው የሚነዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደልጊ ሰውና እህል ያመላልሳል፣ ቤታቸውም ከሐይቁ ዳር ነው፣ ከደጃቸው እስከ ውሃው ቢበዛ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጅ አልሰጣቸውም። ፍሬን እንደ ልጃቸው ነው ያዩዋት።

አሁን የማልወደውን ልንገራችሁ። ፍሬ በልጅነቷ ትወድቅ ነበር። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ሐኪም ቤትም ጠበልም ተመላለስን፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ተዋት፣ ተመስገን ጌታዬ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተመለሰባትም። ይህን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ሙሉነሽ። እኔ ሲያቅተኝ የልጄን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። ለማንም እንዳልነገረች አውቃለሁ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ።

ፍሬ በዚያ ዓመት ታጨች። ልጁ ደኅና ልጅ ይመስል ነበር፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ፣ እኔ የእሷን የሠርግ ነጠላ ጫፍ በገዛ እጄ መቋጨት ጀምሬ ነበር። የሆሳዕና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሙሉነሽ ሰዉን እየጣሰች መጣች፣ ከዘንባባው ቀለበት ሠርታ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ፣ ሦስት ጊዜም ሳመችኝ። «ከነገ ጀምሮ እስከ ፋሲካ መሳም የለ፣ አጠራቅሜ ልሳምሽ» ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

መቼም ታውቃላችሁ፣ በሕማማት አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም፣ መስቀልም አንሳለምም። ይሁዳ ጌታን በመሳም ነውና የሰጠው። ደግሞም ሰው ከአምላኩ ተጣልቶ የኖረበትን ያን ረጅም ዘመን እናስብበታለን፣ እርቅ ያልነበረበትን። ካህናቱም በዚያ ሳምንት አይፈቱንም፣ ሁሉም እስከ ትንሣኤ ይቆያል።

ማክሰኞ የልጁ አጎት መጡ። በሕማማት ሽማግሌ አይላክም፣ እሳቸው ግን መጡ፣ አልተቀመጡም፣ እጃቸውንም አልዘረጉም፣ ሳምንቱ በጃቸው። ልጁ ሐሳቡን እንደለወጠ ነገሩኝ። ለምን ስላቸው፣ ሕመሟን ለምን ሸሸጋችሁን አሉኝ። ማን ነገራችሁ አልሁ። የልጁ እናት በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመድኃኔ ዓለም ስም አስምላ፣ የገዛ አበልጄን እንደ ጠየቀቻት ነገሩኝ። መቼ ነው አልሁ። ከሆሳዕና በፊት ነው አሉ፣ ሳምንት አልፎታል።

ልብ በሉልኝ። በመሐላ ተይዛ አልዋሸችም፣ በዚያ አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን በእሱ ስም አልዋሽም። የገደለኝ መናገሯ አይደለም። ነግራ ሲያበቃ፣ ሳምንት ሙሉ አፏን ዘግታ ቆይታ፣ በሆሳዕና መጥታ ሦስት ጊዜ መሳሟ ነው። ጉንጬን በሳሙና አጠብሁት፣ እመኑኝ።

ፍሬ ከእኔ ይልቅ ቻለችው። «ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የለቀቀኝን በሽታ የሚፈራ ወንድ፣ ልጅ ሌሊት ሲያለቅስበት የት ሊሸሽ ነበር?» አለችኝና ሥራዋ ሄደች። እትዬ ሙሉነሽን ትቻታለሁ፣ አንቺም ተያት አለች። እኔ ግን አልተውሁም።

ዓርብ ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ዋልሁ። ማታ ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ሲቆሙ፣ እንደ ሁልጊዜው ከንስሐ አባቴ ፊት ሄጄ ጎንበስ አልሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም፣ ለዚህ ነው የምወዳቸው።

«አባ፣ አንዲት ሴት ይቅር ማለት አቃተኝ» አልኋቸው።

ማን እንደሆነች አልጠየቁኝም። «መጥታ ይቅርታ ጠይቃሻለች?» አሉኝ።

«አልመጣችም።»

«እኛስ መቼ ሄድን? እሱ ነው የመጣ። ታርቆን ካበቃ በኋላ ነው እኛ የሰማን።»

«እሱ አምላክ ነው አባ፣ እኔ እታገኝ ነኝ።»

«ይህንኑ ለእሱ ንገሪው» አሉና ወይራውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉ፣ እንድሰግድም አዘዙኝ። ዞር ስል ደግሞ ጠሩኝና፣ ቂም ይዘሽ ለትንሣኤ እንዳትቆርቢ አሉኝ። እኔና ፍሬ ደግሞ አብረን ልንቆርብ ዓመቱን ሙሉ ስንዘጋጅ ነበር። ይህ ነበር የጨነቀኝ። ሰው ልጄን ጎዳብኝ፣ አሁን ደግሞ ከጌታዬ ማዕድ የምከለከለው እኔ ነኝ ማለት ነው። ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስሁ።

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትሁ። ከሥሩ ፍሬ የተጠመቀችበት ነጭ ልብስ አለ፣ ሙሉነሽ ናት ያሠራችላት፣ የክርስትና እናት ናትና። አወጣሁት፣ በወረቀት ጠቀለልሁት፣ ነገ ወስጄ እመልስላታለሁ አልሁ። ይህ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ የልጄ እናት አይደለሽም ማለት ነው። ፍሬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «እማ፣ የእኔን ልብስ ነው እኮ የምትሰጭው» አለችኝ። ጥቅሉን ራስጌዬ አኖርሁት።

አክፍሎት ይዘን ስለነበር እህልም ውሃም በአፋችን አልዞረም፣ ጎን ለጎን ተኛን። አውቃለሁ፣ አክፍሎት የያዘ፣ ሲሰግድ የዋለ ሰው ጆሮው ይጮኻል ትላላችሁ፣ እኔም እናንተን ብሆን ይህንኑ እላለሁ። ብቻ ስሙኝ።

ሊነጋጋ ሲል ነው። አስቀድሜ የሰማሁት ምስማሩን ነው። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን የምሰቅልበት ምስማር ትንሽ ላልቷል፣ ነጠላው ሲነሣለት ጢቅ ይላል፣ ሌላ ሰው ልብ አይለውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ጢቅ አለ። ፍሬ ናት፣ ደጅ ልትወጣ ነው አልሁ። ቀጥሎ የላስቲክ ጫማዬ፣ ከወለሉ ላይ ተነሥቶ እግር ሲገባበት። ከዚያ የግቢው መቀርቀሪያ ተሳበ፣ ቀስ ተደርጎ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ፣ ልክ እኔ ለኪዳን ስወጣ ለፍሬ ብዬ እንደምስበው። እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ። ፍሬ ጎኔ ነበረች።

ከተኛሁበት ሆኜ ጆሮዬን ጣልሁ። ሌባ ነው ልበል? ሌባ መቀርቀሪያ በዚያ ዓይነት ርኅራኄ አይስብም። ከዚያ ከመንገዱ ደወል ሰማሁ፣ ቄጠማ የሚያድሉ ካህናት የሚይዙት ዓይነት ትንሽ ደወል፣ ከእኛ ደጅ ተነሥቶ ወደ ድልድዩ እየራቀ የሚሄድ። ገና ነው እኮ፣ ካህናቱ የሚወጡበት ሰዓት አይደለም አልሁ። ያን እያልሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። በእንዲህ ያለ ፍርሃት መካከል እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ ግን የሕፃን እንቅልፍ ተኛሁ።

ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። ነጠላዬ ምስማሩ ላይ ነው። ሕልም ነበር ብዬ አማተብሁ። ጫማዬን ለማድረግ ጎንበስ ስል ግን ረጥቧል፣ ተረከዙ ላይ ጥቁር ጭቃ አለ፣ የሐይቅ ዳር ጭቃ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል። በእኛ ሠፈር ያለው መሬት ቀይ ነው። ፍሬ ናት እንዳልል የፍሬ እግር ከእኔ ጫማ አይገባም። አጠብሁት።

ትንሽ ቆይቶ የሠፈራችን ካህናት ደወላቸውን እያቃጨሉ መጡ፣ ጌታ በመስቀሉ ሰላም እንዳደረገ እያዜሙ ቄጠማውን ለእኔም ለፍሬም ሰጡን። እንደ ደንቡ ራሳችን ላይ አሰርነው። ዛሬ ቀድማችሁ ወጥታችሁ ነበር ወይ ብዬ ዲያቆኑን ጠየቅሁት። የእናንተ ቤት የመጀመሪያው ነው አለኝ።

ጥቅሌን ያዝሁ። ልታረቅ አይደለም የሄድሁ፣ ይህን እወቁልኝ። ልብሱን ሰጥቻት፣ ዛሬ ሌሊት በቁርባን ሰልፍ አጠገቤ እንዳትቆሚ ልላት ነው የሄድሁ።

ከመንገዱ ጥግ የከድጃ ሱቅ አለ። ከድጃ አባቷ ከወረታ ናቸው፣ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሥራ ወዳድ፣ ሱቋን ከሁላችን ቀድማ ነው የምትከፍት። ስታየኝ ሳቀች። እትዬ እታገኝ ዛሬ እግርሽ አላረፈም ወይ፣ ጧት ሄደሽ፣ ተመልሰሽ፣ አሁን ደግሞ ልትሄጂ ነው አለችኝ። ማን፣ እኔ? አልሁ። ጧት ስታልፊ ሰላም ብለሽኝ፣ እኔም ጾሙ እንዴት ነው ብዬሽ፣ ዛሬማ ደስ ብሎኛል አላልሽኝም? አለች። ልትቀልድብኝ ነው ብዬ ፊቷን አየሁት፣ አትቀልድም። ምን ለብሼ ነበር አልኋት። ያቺን ራስሽ የቋጨሻትን ነጠላ አለችኝ፣ ቄጠማም አስረሽ ነበር። ያኔ እኮ ቄጠማ ገና አልታደለም።

ባጃጅ ይዤ፣ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ድልድዩን ተሻገርሁ።

ጋሽ ተመስጌን ግቢው ውስጥ ውሃ ሲያሞቅ ደረስሁ። ቀና አለና «ምን ረስተሽ ነው?» አለኝ።

ጥቅሉን ደረቴ ላይ ያዝሁ። ገባ በይ፣ ሙሉነሽ ከሄድሽ ወዲህ ስታለቅስ ነው፣ ግን የደኅና ለቅሶ ነው፣ እንኳን ተመለስሽ አለኝ። እሱ እንደነገረኝ፣ ሌሊት ደልጊ አድሮ ጧት ነው የገባ፣ እኔንና ሙሉነሽን ተደጋግፈን፣ እስከ ወገባችን ረጥበን ከሐይቁ አቅጣጫ ስንመጣ ነበር ያገኘን። ምን ሆናችሁ ብሎ ቢጠይቅ «ምንም አልሆንንም፣ ውሃ አሙቅላት» ብዬዋለሁ አሉ። እኔ። ብዬ ሄድሁ አሉ።

ሙሉነሽ አልጋው ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ራሷ ላይ ቄጠማ ታስሯል። ስታየኝ እጆቿን ዘረጋች። በስድስት ቀን ግማሽ ሆናለች፣ እንዴት እንደከሳች ልነግራችሁ አልችልም። አጠገቧ ቁጭ አልሁ። እሷ ግን እኔ ሁሉን የማውቅ መስሏት ጨርሳ ተናገረች።

ማክሰኞ አጎትየው እኔ ዘንድ እንደመጡ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ አልበላችም፣ አልተኛችም። መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ሁለት ጊዜ እስከ ድልድዩ ደርሳ ተመልሳለች፣ ፊቴን ፈርታ። በሆሳዕና ልትነግረኝ ነበር የመጣች፣ አፏን ከፍታ ቃሉ እምቢ ሲላት ነው የሳመችኝ። ያንን መሳም ስታስብ ራሷን ጠላች። ዓርብ ማታ በስቅለት የይሁዳ ነገር ሲነበብ ስለ እሷ የሚነበብ መሰላት። ሊነጋጋ ሲል ተነሥታ ወደ ሐይቁ ሄደች። እንደማትመለስ ሆና ሄደች። ይህን በቀስታ ነው የነገረችኝ፣ ባሏ እንዳይሰማ።

«ውሃው ወገቤ ደርሶ ነበር» አለች፣ «ሙሌ ብለሽ ጠራሽኝ። ዞር ስል በልብስሽ ገብተሽ እየመጣሽ ነው። ሕማማት ነው፣ አትሳሚኝ፣ እኔ የሳምሁሽ ይበቃል ብልሽ፣ ጠቡ አልቋል ብለሽ ሳምሽኝ። ከራስሽ ፈትተሽም ይህን ቄጠማ አሰርሽልኝ። ከዚያ በጆሮዬ ያን ነገር ነገርሽኝ።»

«ምን አልሁሽ?» አልኋት። እውነቴን ነበር የጠየቅሁ።

ዓይኗ እንባ እንዳዘለ ፈገግ አለች። «ደግመሽ አትበይው። አንድ ጊዜ ይበቃኛል» አለችኝ።

እኔ አልነበርሁም ልላት አፌን ከፈትሁ። እመኑኝ፣ ከፈትሁ። ግን ያች ሴት ከውሃ የወጣችው በዚያ ቃል ነው፣ ቃሉን ብወስድባት ወዴት ትሄዳለች? ዘጋሁት። በዚያው ጥቅሉን አየችው፣ ምን ይዘሽ ነው አለችኝ። የፍሬ የክርስትና ልብስ ነው አልሁ። ተቀብላ ከፈተችው፣ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው፣ እንዳየው ብለሽ አመጣሽልኝ ብላ ሳመችውና አጥፋ መልሳ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ልወረውርባት ያመጣሁትን አመስግና መለሰችልኝ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ነጠላውን ነው። ከምስማሩ አውርጄ ጫፉን ዳሰስሁ፣ ርጥብ ነው። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ሥራዬ ነውና። አንዱ ተቆርጧል። ሙሉነሽ ከውሃው ስትወጣ የያዘችው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም።

ፍሬን አስቀመጥኋትና፣ ልጄ፣ እውነት ንገሪኝ፣ እኔ ጧት ወጥቼ ነበር? አልኋት። በእንቅልፍ ልቤ ሄጄ ይሆናል ብዬ፣ እሱም ይሻል ነበር።

«አልወጣሽም» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት አንገቷን ደፋች። «ሌሊቱን አልተኛሁም እማ። እንዳትሰሚኝ ብዬ ትንፋሽሽን እየጠበቅሁ ነበር የማለቅስ። እስኪነጋ ከጎኔ አልተነሣሽም።»

ለካ ትቻታለሁ ያለችኝ ልጅም ታለቅስ ነበር። አቀፍኋት፣ ሕማማት ነው አላልሁም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ሌላ ሰው ቢሆን ተንበርክኮ ያመሰግናል። እኔም አመሰግናለሁ፣ አበልጄ በሕይወት አለች፣ ስሙ ይባረክ። ግን የዚያን ቀን የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም። የተከዳሁ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ከማክሰኞው ይልቅ። ሙሉነሽ ሰው ናት፣ ሰው ይከዳል። እሱ ግን ሳይጠይቀኝ ነጠላዬን ወሰደ፣ ፊቴን ወሰደ፣ ጉንጬን ወሰደ፣ የእኔን ጠብ በእኔ አፍ አልቋል አለ። እኔ ገና ሳልጨርስ። የተጎዳሁት እኔ፣ የታረቀው ሌላ። እንዲህ ይደረጋል? ይቅር ይበለኝ፣ ግን በሥዕሉ ፊት ቆሜ ይህንኑ ብዬዋለሁ።

ለትንሣኤ ቅዳሴ ከመግባቴ በፊት የንስሐ አባቴን ከዋርካው ሥር አገኘኋቸውና ሁሉን ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እሷ ትቁረብ» አሉ በመጨረሻ፣ «እርቅ ደርሶላታል።»

«እኔስ አባ?»

«አንቺ ሄደሽ ነበር?»

«አልሄድሁም።»

«እንግዲያ ቆዪ» አሉኝ። አልተቆጡኝም፣ ሲሉት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለዚህ በዚያ ሌሊት ልጄን የጎዳችብኝ ሴት ነጭ ለብሳ፣ ከልጄ ጋር ተያይዛ ቀረበች፣ እኔ ከኋላ ምሰሶውን ተደግፌ ቆምሁ። ሰዎች ለምን አልቆረብሽም ሲሉኝ ውሃ በአፌ ገባ አልሁ። ሁለታቸው ሲመለሱ ፊታቸው ያበራ ነበር። ሙሉነሽ መጥታ ሳመችኝና፣ ጉንጭሽ ቀዝቅዟል፣ ጧት እኮ እሳት ነበር አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አልቆረብሁም። እሞክራለሁ፣ በየጊዜው ይቅር ብያታለሁ ብዬ እነሣለሁ፣ ያ የሆሳዕና መሳም ይመጣብኛል፣ ቁጭ እላለሁ። ፍሬ ሌላ ደኅና ሰው አገባች፣ ሁሉን ከመጀመሪያው ነግረነው ነው የወሰዳት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእሷ ዘንድ ምንም አልጎደለም። ሰዉ ሁሉ ስለ እኔ ደግነት ያወራል። ይቅርታን ከእታገኝ ተማሩ ይላሉ፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከጥምቀት ወዲህ ሙሉነሽ እግሯን ታማ ከአልጋ አትወርድም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ጥቂት ተቀምጬ ነው የምመለስ። ባለፈው እሑድ ጋሽ ተመስጌን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቆ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ እግሯን ስለምታጥቢላት፣ ጸጉሯን ስለምትሠሪላት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔ ቅዳሜ ደልጊ ስለሆንሁ አላገኝሽም እንጂ ሁሌ ትነግረኛለች አለኝ። የታመመች ሴት የምትናገረው ነው ብዬ ልቤን ላረጋጋ ስል ጨመረልኝ። ትናንት የጀልባው ሞተር ተበላሽቶ ከመንገድ ተመልሼ ነበር አለ፣ ውሃውን ደፍተሽ ስትወጪ ከኋላ አይቼሽ፣ እታገኝ ብዬ ተጣራሁ፣ አልሰማሽኝም።

ቅዳሜ እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስቋጭ ነው የዋልሁ። ከድጃ ከሱቋ ሆና ስታየኝ ውላለች።

መጭው ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ወስኛለሁ። በማለዳ ሄጄ፣ ውሃውን ራሴ አሙቄ፣ እግሯን በገዛ እጄ ላጥባት። ሰኞ ዕለትም ይህንኑ ብዬ ተነሥቼ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ደርሼ ተመለስሁ። የሚያስፈራኝ ሙሉነሽን ብቻዋን ማግኘት አይደለም። ገብቼ ያችን ሌላዋን ባገኛትስ፣ ነጠላዬን ለብሳ፣ ከአልጋው ሥር በርከክ ብላ፣ እኔ ያልቻልሁትን እየሠራች? ሙሉነሽ ቀና ብላ ሁለታችንን ጎን ለጎን ብታየን፣ አበልጄ የምትለው ማንን ነው?